በሌላ ቃል ንገረኝ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት አምቦ ያሉ የሥራ ባልደረቦቼ ሻይ ክበብ ውስጥ ሰብሰብ ብለው ጋቢ አለበሱኝ። አለቃችን ስለ ትጋቴ ብዙ ተናገረ። ግማሹ ውሸት ነው፤ አርፍጄ የገባሁባቸውን ቀናት እሱም ያውቃል። ከዚያ አዲስ ከተሾሙት ዳኞች አንዷ፣ ገና ከዩኒቨርሲቲ የወጣች ልጅ፣ “ኦቦ ለገሰ፣ ይሄን ሁሉ ዳኛ አይተው የለም? ጥሩ ዳኛ ምን ዓይነት ነው?” አለችኝ። እኔም “የሰማውን ቃል ቶሎ የማያምን” አልኳት። ሳቁ። ለቀልድ የተናገርኩ መሰላቸው። ጋቢዬን ይዤ ቤቴ ገባሁ፤ ነገሩ ግን ከነከነኝ። ቆሞ የሚነገር ነገር ስላልሆነ ቁጭ ብዬ ልጽፈው ነው።

እኔ የተማርኩት በደርግ ጊዜ መሠረተ ትምህርት ነው፤ የማውቀው ፊደል ይሄ ብቻ ነው። አፌን የፈታሁት በኦሮምኛ ነው፣ ችሎቱም የሚሠራው በኦሮምኛ ነው፤ ቁቤውን ግን እጄ አልለምድ አለ። ስለዚህ ሰዎቹ በኦሮምኛ የተናገሩትን እኔ ነኝ ወደ አማርኛ የመለስኩት። ፊደል ብስት ፊደሉን እንጂ ነገሩን አልሳትኩም።

ሥራዬ ችሎት አስከባሪነት ነበር። ለማያውቅ ሰው፣ በር ላይ ቆሜ የባለጉዳይ ስም የምጠራ፣ ምስክር የማስገባ፣ ስልኩ የሚጮህበትን የማስወጣ ሰው ነበርኩ። ስሞቹን ጠዋት ሬጅስትራሯ ታነብልኛለች፣ እኔ በቃሌ ይዤ እወጣለሁ። ስለ ደመወዙ አልናገርም፤ የሚያናግር አልነበረም። ሸነን ጀመርኩ፣ አምቦ ላይ ግርግሩ በተነሣበት ዓመት። ከዚያ ጌዶ፣ ከዚያ ባኮ፣ መጨረሻ አምቦ። ዋናው የምነግራችሁ ነገር ከሸነን ወዲህ ካሉት በአንዱ የሆነ ነው። የትኛው እንደሆነ አልጽፍም፣ የሰዎቹ ልጆች አሉ። ስማቸውንም ቀይሬያለሁ። አንዱን ስም ብቻ መቀየር አልቻልኩም፤ ለምን እንደሆነ ስትደርሱበት ታያላችሁ።

ሸነን ያገኘሁት ዳኛ ኦቦ ሂርጳ ይባላል። አጭር፣ ደረቅ፣ መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ የሚያንጠለጥል ሰው ነበር። ዳኝነት ምን እንደሆነ ያየሁት ከእሱ ነው፤ ልቤ የተሰበረውም በእሱ ነው።

ጠዋት ከሁላችንም ቀድሞ ይገባል። ገብቶ ግን ወንበሩ ላይ አይወጣም። ተከሳሽ የሚቆምበት ቦታ ሄዶ ይቆማል፣ ከዚያ ባለጉዳይ የሚቀመጥበት አግዳሚ ላይ ቁጭ ይላል። መጀመሪያ ጸሎት የሚያደርግ መስሎኝ በሩን ቀስ ብዬ እዘጋለት ነበር። አንድ ቀን ጠየቅኩት። “ከዚህ ሆኜ የኔ ድምፅ ይሰማ እንደሆነ ልወቅ ብዬ ነው” አለኝ። መስኮቱ የተሰበረ ቀን፣ ንፋሱ ድምፁን ስለሚወስደው፣ ሰዎቹን ወደ ፊት አስጠግቶ አስቀመጣቸው። ዓቃቤ ሕጉ ሥነ ሥርዓት አይደለም ብሎ አጉረመረመ። ኦቦ ሂርጳ መነጽሩን አወለቀ። ተቆጥቶ የሚያውቀው እንደዚያ ነው፤ መነጽሩን ያወልቅና ዝም ይላል። ዝም ሲል ሰውየው ራሱ ይቀመጣል።

ኪሱ ውስጥ ሁልጊዜ ቆሎ አለ። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ከግቢው አይወጣም፤ ቆሎውን ይቆረጥማል። ከተማዋ ትንሽ ናት፤ ምግብ ቤት ቢገባ ወይ ከሳሽ ወይ ተከሳሽ ሒሳብ ይከፍልለታል። ለቅሶ ይደርሳል፣ እዝን ግን አይቀምስም። ሰው ኩሩ ነው ይለው ነበር። ሚስቱም ትለው ነበር።

ፍርድ ሲያነብ የሚያየው የተረታውን ሰው ነው። የረታው ምንም ቢነበብለት ደስ ብሎት ይሄዳል፣ ለምን እንደተረታ ማወቅ ያለበት የተረታው ነው ይላል።

ከሁሉ የሚበልጠው ልማዱ ግን አንዲት ጥያቄ ናት። ምስክር ዋናውን ነገር ተናግሮ ሲጨርስ ብዕሩን ያስቀምጥና፣ “በሌላ ቃል ንገረኝ” ይላል። ያንኑ ነገር፣ ያንኑ ያየኸውን፣ በመጀመሪያው ቃል ሳይሆን በሌላ። ገበሬ ይደናገጣል። “ሌላ ቃል የለኝም ጌታዬ” ይላል። “አለህ፣ ፈልግ፣ ጊዜ አለኝ” ይለዋል። ከዚያ በኋላ ብቻ ይጽፋል።

አንድ ጊዜ ጠላ ቤት ደጃፍ ላይ ሰው ወድቆ ክንዱ ተሰበረ። ጣለው ተብሎ የተከሰሰው የሚስቱ ወንድም ነው። ምስክሩ ቀርቦ “ከኋላው ያዘው፣ ከዚያ ወደቀ” አለ። ዓቃቤ ሕጉ ደስ ብሎት ተቀመጠ። ኦቦ ሂርጳ “በሌላ ቃል ንገረኝ” አለው። ሰውየው ጣራ ጣራውን አየ፣ ራሱን አከከ፣ ቆይቶ ቆይቶ “ደገፈው” አለ። “ሰክሮ ሲንገዳገድ ደገፈው፣ ከበደውና አመለጠው።” ተከሳሹ በነጻ ሄደ። ቃሉ ‘ያዘ’ ነው፤ ሌባም ይያዛል፣ የሚወድቅ ሰውም ይያዛል። ያን ቀን ሲወጣ ተከትዬው “ምስክሩ መጀመሪያውኑ እንዲህ ቢል ምን ነበረበት?” አልኩት። “እሱማ ብሏል” አለኝ። “እኛ ነን ሌላ የሰማነው።”

ሌሎች ዳኞችም አይቻለሁ። አንዱ ምስክር ሲናገር ስልኩን ከጠረጴዛው ሥር ይነካካል። አንዷ ደግሞ ጎበዝ ነበረች፣ ባለጉዳይ ሲያለቅስ ግን ትቆጣለች፤ ልቅሶ ጊዜ ይወስዳል ትላለች። የሕግ እውቀታቸውን አልናገርም፣ አልመዝነውም። እኔ ያየሁት ሰው ከችሎት ሲወጣ ፊቱን ነው። ከኦቦ ሂርጳ ችሎት የተረታ ሰው ሲወጣ ያዝናል እንጂ አይራገምም ነበር። ከአንድ ሰው በስተቀር።

ኦቦ ሂርጳ ሲዛወር እኔም ጠይቄ ተከተልኩት። ያኔ በምዕራብ በኩል መንገዱ የሚዘጋበት፣ ስልክ የማይሠራበት ጊዜ ነበር። አንድ ሳምንት አውቶቡስ ያልፋል፣ ሌላ ሳምንት የለም። ምስክር አይመጣም፣ መዝገብ ይከማቻል። የተከማቸ ሲበዛ ደግሞ ከላይ ሰዎች መጡና ስብሰባ ተደረገ። ዳኞች ሁሉ ስንት መዝገብ ዘጋችሁ ተባሉ። ኦቦ ሂርጳ መጨረሻ ወጣ። ስብሰባውን ከመራው አንዱ፣ ከልጁ እምብዛም የማይበልጥ ሰው፣ “ኦቦ ሂርጳ ፍርድ ትተው መዝገበ ቃላት እያዘጋጁ ነው መሰለኝ፤ እያንዳንዱን ቃል በሌላ ቃል ይጠይቃሉ” አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። የኛዋ ሬጅስትራር እንኳ ሳቀች። ኦቦ ሂርጳን አየሁት፤ መነጽሩን ለማውለቅ እጁን ሰደደ፣ ከዚያ መልሶ አወረደው።

ከዚያ ቀን በኋላ ጥያቄዋን ተዋት።

ደበላ የቀረበው ከዚያ ወዲያ ነው። ደበላ ገበሬ ነው፣ ረጅም፣ ንግግሩ ቁጥብ። ጎረቤቱ ረጋሳ አውድማ ላይ የከመረው ጤፍ በጠራራ ፀሐይ ተቃጠለ፣ የዓመት ቀለቡ። ሁለቱ በድንበር ተጣልተው ነበር፣ ደበላም ገበያ ላይ “ይቺን ጤፍ አትበላትም” ብሎታል። ይሄን የሰማ ሰው አለ። ሌላ ምስክር ደግሞ እሳቱ ሲነሣ ጋቢ የለበሰ ሰው ወደ ጋራ ጃልዴሳ ሽቅብ ሲሮጥ ከሩቅ አይቷል። ፊቱን አላየም።

እዚህ ላይ አገሩን ማወቅ አለባችሁ። ጃልዴሳ ዝንጀሮ ማለት ነው። በዚያ ቀበሌ በዝንጀሮ ስም የሚጠሩ ሁለት ኮረብቶች አሉ። አንዱ ጋራ ጃልዴሳ ነው፤ የረጋሳ አውድማ ከግርጌው ነው። ሌላው ቱሉ ጃልዴሳ ነው፤ ወንዙን ተሻግሮ፣ ደርሶ መመለስ ግማሽ ቀን የሚፈጅ። ጋራም ቱሉም ኮረብታ ማለት ነው፤ ለአገሩ ሰው ግን ሁለት የተለያዩ ቦታዎች ናቸው። ደበላ ቃሉን ሲሰጥ “እሳቱ ሲነሣ ቱሉ ጃልዴሳ ሣር እያጨድኩ ነበር፣ ያየችኝ ጫልቱ ናት” አለ። ጠበቃ አልነበረውም። ያለው ምስክር ጫልቱ ብቻ ናት፣ የጎረቤት ሰው ምራት።

ጫልቱ የመጣችው መንገድ የተከፈተ ቀን ነው። አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። ሁለት ሳምንት መንገድ ተዘግቶበት የቆየ ባለጉዳይ ሁሉ በአንድ ቀን መጣ። ስሟን ጠርቼ አስገባኋት። ጠንቋይ ሆኜ አይደለም የምናገረው፣ ገና ስትገባ የምትዋሽ ሴት እንዳልሆነች ያስታውቃል። ለእንጨት ወጥታ እንደነበር፣ ደበላ ሣር ሲያጭድ አግኝታው ሰላምታ እንደተለዋወጡ፣ ከዚያ ጭስ እንዳዩ ተናገረች። ዓቃቤ ሕጉ “የት ነው ያገኘሽው?” አላት።

“ጋራ ጃልዴሳ” አለች።

ዓቃቤ ሕጉ ኦቦ ሂርጳን አየው። ኦቦ ሂርጳ ደበላን “የምትጠይቃት አለ?” አለው። ደበላ ራሱን ነቀነቀ፣ ፊቱ ሁሉ በርቷል። “የለኝም ጌታዬ። እውነቱን ተናግራለች” አለ።

ኦቦ ሂርጳ ብዕሩን አንሥቶ ጻፈ። አላስቀመጠውም። እኔ በር ላይ ሆኜ ያቺን ጥያቄ ጠብቄያታለሁ፣ ለምጃታለሁና። አልመጣችም። “ሌላውን አስገባ” አለኝ።

ፍርዱ ሲነበብ፣ የራሱ የመከላከያ ምስክር እንኳ ተከሳሹን ከእሳቱ ራስጌ እንዳቆመችው፣ እሱም እውነት ነው ብሎ እንዳመነ ተነበበ። ጫልቱም ለወዳጅ ሳታደላ በመመስከሯ ተመሰገነች። ደበላ መጀመሪያ ነገሩ አልገባውም። ሲገባው “እንዲህ አላለችም” አለ። ኦቦ ሂርጳ ዓይን ዓይኑን እያየው “ብላለች፣ ተቀድቷል” አለው። ቴፑን ከፈቱለት። የሴትዮዋ ድምፅ ‘ጋራ ጃልዴሳ’ አለ። ደበላ አሁንም “አላለችም” አለ። አዳራሹ ውስጥ የነበረ ሰው ዓይን አውጣ አለው። አራት ዓመት ተፈረደበት። ፖሊስ ይዞት ሲወጣ በኔ በር ነው ያለፈው፤ ያንን ቤት እስከ መሠረቱ ረግሞት ሄደ።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ሰማን። እህል ያቃጠለ ሰው ቤት ምን እንደሚሆን የገጠር ሰው ያውቃል። ደቦ የሚወጣለት ጠፋ፣ ሚስቱ መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጠች። ምድጃዋ የጠፋ ቀን እሳት ልትጭር ጎረቤት ብትሄድ በር ይዘጉባታል። ልጆቹን ትምህርት ቤት ‘የእሳት ልጆች’ ይሏቸዋል።

ዓመት ካለፈ በኋላ ጫልቱ ተመልሳ ፍርድ ቤት መጣች፤ በሌላ ጉዳይ። አማቷም ባሏም በተከታታይ ሞተዋል፤ የወራሽነት ማስረጃ ልታወጣ ነው። አብራት የባሏ እህት ዲንቄ አለች። ኦቦ ሂርጳ የሟች ባሏን ስም ጠየቃት፣ ስሙን ዲንቄ ተናገረች። ጫልቱ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቆማለች። “የአባቱስ ስም?” አላት። ዝም። “አዴ ጫልቱ፣ የአማትሽን ስም አታውቂም?” አላት። መሬት መሬቱን አየች። ዲንቄ ከት ብላ ሳቀች።

“ምነው ጌታዬ፣ እሷ እንዴት ብላ ትጠራዋለች? እኔ ልጁ ልንገርዎት። ቱሉ ነው።”

በኛ አገር ምራት የአማቷን ስም አትጠራም። ስሙን ብቻ አይደለም፣ ስሙን የሚመስል ቃል ሁሉ ከአፏ አይወጣም። የራሴ አክስት አማቷ ዳዲ ይባል ነበር፤ ዳዲ ጠጅ ማለት ስለሆነ ዕድሜዋን ሙሉ ጠጁን ‘የማር ውኃ’ ስትል ኖራ ሞተች፤ እኛም ልጆቹ የማር ውኃ አምጪ እያልን እንቀልድባት ነበር። ይሄን እኔ አውቃለሁ። ኦቦ ሂርጳ ያውቃል። ዓቃቤ ሕጉም እናቱ ቤት ያውቀዋል። ፍርድ ቤት ስንገባ ግን ሁላችንም እንደ ባርኔጣ በር ላይ አውልቀነው ነው የምንገባው።

ኦቦ ሂርጳ ብዕሩን አስቀመጠ። ከዚያ ዝግ ብሎ፣ “አዴ ጫልቱ፣ ከወንዙ ማዶ ያለው፣ እንጨት የምትለቅሚበት ኮረብታ ስሙ ማነው?” አላት።

“ጋራ ጃልዴሳ” አለች።

“ረጋሳ አውድማ ራስጌ ያለውስ?”

“እሱም ጋራ ጃልዴሳ።”

ወደ ዲንቄ ዞረ። ዲንቄ ሳቋን ውጣለች፤ የሆነ ነገር እንደተበላሸ ገብቷታል። “ከወንዙ ማዶ ያለው ቱሉ ጃልዴሳ ነው” አለች። “እሷ ቱሉ አትልም። ቤት ውስጥ ሁላችንም እናውቅላታለን።”

ደበላም ያውቅላት ነበር። ለዚህ ነው ፊቱ የበራው፣ ለዚህ ነው እውነቱን ተናግራለች ያለው። እሷ ጋራ ስትል፣ ቴፑም ጋራ ሲል፣ እሱ የሰማው ቱሉ ነው። አዳራሽ ሙሉ ሰው ውስጥ በትክክል የሰማት እሱ ብቻ ነበር።

ኦቦ ሂርጳ ችሎቱን አቋርጦ ወጣ። ሲወጣ ተከሳሽ የሚቆምበትን ቦታ ዞሮ አለፈው።

የሚችለውን ሁሉ አደረገ፤ ይሄን አልነፍገውም። ከፍ ወዳለው ፍርድ ቤት ሄዶ በአፉ “ፍርዴ ስህተት ነው” ብሎ ተናገረ። የይግባኙ ጊዜ አልፏል አሉት። ሴትዮዋ ትምጣና ታስረዳ ሲላቸው፣ መሐላ ገብታ የሰጠችውን ቃል ከቀየረች በሐሰት ምስክርነት የምትጠየቀው እሷ ናት አሉት። አንዱማ አዝኖለት “ዳኛ በራሱ ፍርድ ላይ ምስክር ሲሆን አይተን አናውቅም፣ ይተዉት” ብሎታል። የቀረው የይቅርታ መንገድ ነው። ይቅርታ ለማግኘት ደግሞ እስረኛው ጥፋቱን አምኖ ተጸጽቻለሁ ብሎ መፈረም አለበት።

ወህኒ ቤቱ የሄድነው አብረን ነው። ደበላ ከስቷል፣ ያስለዋል። ከሽቦው ማዶ ቆሞ ኦቦ ሂርጳ የቱሉን ነገር ሲያስረዳው በጸጥታ ሰማው። የተገረመም አልመሰለም። ከዚያ ኦቦ ሂርጳ ወረቀቱን አውጥቶ ጉዳዩን ነገረው።

“አቃጥያለሁ ብዬ ልፈርም ነው?” አለ ደበላ።

“ውሸት መሆኑን አውቃለሁ። ለመውጣት ብቻ ነው። ሚስትህ፣ ልጆችህ…”

“እርስዎ ሲያውቁት ነው እንዴ ለኔ የሚቀለኝ?”

“ደበላ፣ ታመሃል። ጣትህን ብቻ አሳርፍበት።”

ደበላ ትንሽ ሳቅ አለ። “ፍርዱን የሰጡት እርስዎ ነዎት፤ ጥፋቱን ደግሞ እኔ ልውሰድልዎት?” አለው። “ይሄን ከፈረምኩ ልጆቼ በእውነት የእሳት ልጆች ይሆናሉ። አሁን እኮ ውሸት ነው፤ ለዚህ ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ።”

አልፈረመም። ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ ኦቦ ሂርጳ መስኮቱን እያየ “ምን ነበረበት ብጠይቃት ለገሰ? አንዲት ጥያቄ” አለኝ። አላጽናናሁትም። “ስለሳቁብህ ነው የተውከው” አልኩት። ዛሬም ያልኩትን አልመልሰውም። ሰው ስለ መንገዱ መዘጋት፣ ስለ መዝገቡ ብዛት ያወራል፤ እኔ ግን አይቻለሁ። ያ ሰው ጉቦ አልበላም፣ ባለሥልጣን አልፈራም፣ እዝን እንኳ አልቀመሰም። ሳቅ ግን ፈራ። ከጉቦ የሚጠብቅ ቆሎ አለ፤ ከሳቅ የሚጠብቅ ግን ኪሱ ውስጥ አልያዘም ነበር። እወደው ነበር፣ ይቅር ግን አላልኩትም።

ጡረታው ሳይደርስ ሥራውን ለቀቀ። ከለቀቀ በኋላ ወደዚያ ቀበሌ በእግሩ ይመላለስ ጀመር። ሽማግሌዎቹን እየዞረ፣ ደበላ ሲወጣ ረጋሳ ጋር አስቀምጡልኝ፣ እኔም እናገራለሁ ይላቸዋል። መጀመሪያ አብዷል አሉ። የረጋሳ ወንድሞች ደግሞ ደበላ ያን መንገድ ከረገጠ መቃብሩን ቆፍራችሁ ጠብቁ ብለው ዝተዋል። ስለዚህ ነገሩ ስሙን የማጥራት ብቻ አልነበረም። ካላመኑት ደበላ አገሩ ሊገባ አይችልም፤ ከገባም አያድርም።

ደበላ ዘመኑን ጨርሶ ወጣ። ሽማግሌዎቹ ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ጀርባ ካለው ዛፍ ሥር ሰው ሰበሰቡ። እኔ አምቦ ተዛውሬ ነበር፣ ፈቃድ ጠይቄ ሄድኩ። በአንድ ወገን ረጋሳ ከወንድሞቹ ጋር፣ ሁሉም ዱላ ይዘዋል። በሌላው ወገን ደበላ ብቻውን፣ ሚስቱ ከኋላው። ኦቦ ሂርጳ ያኔ ታሞ ስለነበር ወንበር አመጡለት፤ አልቀመጥም አለ። ቆሞ ተናገረ። እንዴት እንደፈረደ፣ ምን ሳይጠይቅ እንደቀረ፣ ለምን እንደቀረ፣ ሳቁንም ጨምሮ። ከተሰበሰበው ሰው ማንም አልሳቀም።

ረጋሳ ግን “አንተ እዚያ አልነበርክም፣ እኔም አልነበርኩም። ያየች እሷ ናት። እሷ ጋራ አለች፣ እኔ በጆሮዬ ሰምቻለሁ” አለ። እውነቱን ነው፣ ያን ቀን አዳራሽ ውስጥ ነበር።

ኦቦ ሂርጳ ወደኔ ዞሮ “ጥራት” አለኝ። እንደ ድሮው ጮክ ብዬ ጠራኋት። ጫልቱ ከሴቶቹ መሀል ወጥታ መጣች። የቱሉ መበለት፣ አማቷ፣ ከድንጋዩ ላይ ተቀምጣ ታያታለች። ኦቦ ሂርጳ ያን ቀን ደበላን የት እንዳገኘችው ጠየቃት።

“ጋራ ጃልዴሳ” አለች። የረጋሳ ወንድሞች ተንጫጩ። ኦቦ ሂርጳ እጁን አንሥቶ ጸጥ አሰኛቸው።

“በሌላ ቃል ንገሪን” አላት።

ጫልቱ አማቷን አየች። ጥቂት ሰው ፊቱን አዞረ፤ የሰው ምራት ያን ስትል መስማት ለሰሚውም ነውር ነው። ባልቴቷ በበትሯ መሬቱን ቆርቆር አደረገች።

“በይ ልጄ” አለች። “እሱ አሁን አይሰማም። እነዚህ ናቸው የሚሰሙት።”

“ቱሉ” አለች ጫልቱ። “ቱሉ ጃልዴሳ። ከወንዙ ማዶ።” ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ ቁጭ አለች።

ረጋሳ ዱላውን አየ። በኋላ መሬት ላይ አጋደመው። ወንድሞቹም አጋደሙ። ክምሩን ማን እንዳቃጠለው እስከ ዛሬ አልታወቀም። ረጋሳ የደበላን እጅ አልጨበጠም፤ ሚስቱን ግን አሻግሮ አይቶ “እሳት ስትፈልጊ ከኛ ቤት ውሰጂ” አላት። እሷ ነጠላዋን አጥብቃ ወደ ደበላ ተጠጋች።

ኦቦ ሂርጳ ወደ ደበላ ሄደ። ምን ሊለው እንደነበር አላውቅም፤ ደበላ ቀደመው። ደበላ ዝቅ ብሎ አየው፤ ቁጣም የለበትም፣ ደስታም የለበትም።

“እኔ ያን ቀንም የሰማሁት ይሄንኑ ነው” አለው፣ ሚስቱንም ይዞ ወደ ቤቱ ሄደ።